ሲፈርስ አይገባም

ድማሚት ብለው የሰየሙት የሥራ ባልደረቦቹ ናቸው፤ ስሙን ያጸደቀው ግን የገዛ ቁጣው ነው። ሰውየው ቤት አፍራሽ ነው። ያረጀ ፎቅ ይሁን የተሰነጠቀ መጋዘን፣ ብቻ "ይፍረስ" ከተባለ ከነቡድኑ የሚጠራው እሱ ነው። ሌላው ሠራተኛ በሁለት እጁ አንሥቶ የሚንገዳገድበትን መዶሻ እሱ እንደ ዣንጥላ ይዞት ይዞራል። ኮለን፣ ፎቁን የተሸከመውን ምሰሶ፣ ሲመታ ደስ ይለዋል፤ ደስታውን መደበቅም አይችልበት፣ በአቧራው መሐል ጥርሱ ብልጭ ይላል። ክፋቱ፣ ሰውን ከግድግዳ የማይለይበት ጊዜ አለው።

የሴት ልጁ በሽታ ተመልሷል በተባለ ማግስት የሚያፈርሱት አንድ የድሮ ሲኒማ ቤት ነበር። ለምሳ አርፈው፣ ወንበር በተነቀለበት ወለል ላይ ተቀምጠው ዳቦ ሲገምጡ ፌሮ ቆራጩ ወሬ ጀመረ። ክፉ ሰው አይደለም፤ አፉ ግን መዝጊያ አልተሠራለትም።

"ልጅህ አገረሸባት አሉ" አለ እያላመጠ። "የደም ካንሰር ነገር እኮ፣ ወንድሜ፣ አንዴ ከተመለሰ አይለቅም። እናትየዋን ከምታደክማት፣ አርፋችሁ የመጨረሻዋን ብትጠብቁ ይሻላል።"

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ድማሚት ዳቦውን ቀስ ብሎ መሬት ላይ አስቀመጠ። የሚያውቁት ሰዎች ቀስ ማለቱን ሲያዩ ተነሥተው ራቅ አሉ፤ ፌሮ ቆራጩ አላስተዋለም። የመጀመሪያው ቡጢ አፉ ላይ አርፎ ዳቦውንና ጥርሱን አንድ ላይ አስዋጠው። ሁለተኛው ጆሮ ግንዱን አገኘው። ሲወድቅ በኮሌታው አንሥቶ ከግድግዳ ጋር አጣበቀው፤ ከግድግዳው የወጣ የፌሮ ጫፍ ነበርና የሰውየውን አንገት ወደዚያ ጫፍ እየገፋ "ድገመው! እስቲ አሁን ትሞታለች በል!" ይለው ጀመር። ሰውየው ምኑን ይድገም? አፉ በደም ተሞልቷል። ስንት ጎረምሳ ተረባርቦ ነው ያላቀቀው።

ፌሮ ቆራጩ ከዚያ ወዲህ በአንድ ጆሮው አይሰማም። ክስ የሚባል ነገር ግን አላነሣም፤ "ምን ላድርገው፣ አባት ነው" ብሎ ተወው። ይሄ "አባት ነው" የሚሉት ነገር ስንቱን ጥፋት ሸፍኖ እንደሚያሳልፍ!

ልጅቱ ሚጣ ትባላለች። ቁመቷ አባቷን ሊያክል ትንሽ ነው የቀረው፤ ቢሆንም ሚጣ ተብላ ቀርታለች። በትምህርት ቤቷ የሴቶች ቡድን ውስጥ ተከላካይ ነበረች፤ በእሷ በኩል ያለፈች አጥቂ እያነከሰች ነው የምታልፈው። በሽታው ሲጀምራት ማንም ሳይነካት ክንዷና ጭኗ መበለዝ ጀመረ። ድማሚት ብልዙን ባየ ጊዜ የጠየቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር።

"ማነው የመታሽ?"

"ማንም አልመታኝም አባዬ። ዝም ብሎ ነው የወጣው።"

አላመናትም። ብልዝ ያለ ቡጢ ሲወጣ አይቶ አያውቅማ! በማግስቱ ሜዳ ድረስ ሄዶ አሠልጣኙን በልጆቹ ፊት አንገቱን አንቆ ከአጥሩ ሽቦ ጋር አላተመው። የደም ምርመራው ውጤት ሲመጣ ነው መቺው ከውስጥ እንደሆነ የገባው። ከውስጥ የሚመታን ደግሞ በምን ኮሌታው ይይዙታል? ያን ቀን ቤት ገብቶ የቁም ሣጥኑን በር በቡጢ በሳው። ቀዳዳው እስከዛሬ አለ።

የመጀመሪያው ሕክምና ፀጉሯን አረገፈው፣ አፏን አቆሰለው፣ ሥጋዋን ጨረሰው፤ በሽታውን ግን ለጥቂት ወራት ብቻ አስደነገጠው። ተመልሶ ሲመጣ ብሶበት ነው የመጣው። ያኔ ነው ሐኪሙ አባትና እናትን ቢሮው ያስጠራቸው። ቀጭን፣ መነጽራም ወጣት ነው፤ ሲናገር ጣቶቹን እርስ በርስ ያቆላልፋል። ድማሚት በጠባቧ ወንበር ላይ ተጨናንቆ ተቀመጠ። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ በመርፌ ቀዳዳ ክር ከመስደዷ በፊት ክሩን እንደምታየው ሁሉ ሐኪሙን ዓይኗን ሰብስባ ታየዋለች።

"ይኸውልዎት ጋሼ" አለ ሐኪሙ። "በእያንዳንዱ ሴል ውስጥ ዘረመል የሚባል የትእዛዝ ክምችት አለ። ሁሉም ትእዛዝ ግን አንድ ላይ አይሠራም። የትኛው ይከፈት፣ የትኛው ይዘጋ ብለው የሚወስኑ ፕሮቲኖች አሉ። በሚጣ የታመሙ ሴሎች ውስጥ ከነዚህ ፕሮቲኖች አንዱ የማይገባው ቦታ ገብቶ ተቀምጧል። 'አትደጉ፣ ዝም ብላችሁ ተባዙ' የሚለውን ትእዛዝ ከፍቶ ይዞታል። ስለዚህ ሴሎቹ ሕፃን ሆነው ይቀራሉ። አይሠሩም፣ በጊዜያቸው አይሞቱም፤ ይባዛሉ ብቻ። መቅኒዋን ሞልተው ጤነኛውን ሴል ቦታ ያሳጡታል።"

"እሺ፣ እሱን ፕሮቲን ብትነቅሉትስ?" አለ ድማሚት።

"ነገሩ እዚያ ላይ ነው። ጤነኛው ሴል ያለሱም መኖር ይችላል። የታመመው ግን ሱሰኛ ሆኗል፤ ሕይወቱ በሙሉ እሱ ላይ ነው የተንጠለጠለው። ይሄ አዲሱ ኪኒን ፕሮቲኑን ከመቀመጫው ያስነሣዋል። ያን ጊዜ የታመመው ሴል ወይ ይሞታል፣ ወይ ያድጋል።"

ድማሚት ጠረጴዛውን በቡጢ ሲመታው የሐኪሙ እስክሪብቶ ዘሎ ወደቀ። "ኮለኑ ነው በለኛ! ኮለኑን ትመታለህ፣ ፎቁ በራሱ ይወርዳል!"

ሐኪሙ ወደ በሩ እያየ "እንበል" አለ።

እንበል! ሰው ሲቸኩል አንዳንድ ጊዜ የሰማዩን ነገር በምድር ለክቶ ይገላገላል፤ ሐኪሙም ውጭ የተሰለፈ በሽተኛ አለበትና ተገላገለ። በዚያች አንዲት ቃል ግን ድማሚት የልጁን በሽታ ከሐኪሙ እጅ ተረክቦ የራሱ ሥራ አደረገው። ወራቱን ሙሉ የሚያንቀው አንገት ያጣለት ጠላት አሁን አንገት ወጣለት። ደረቱ ተነፋ፤ ቀሪውን ንግግር በአንድ ጆሮው ተቀብሎ በሌላው አፈሰሰው።

ቀሪው ንግግር ደግሞ ዋናው ነበር። "አንድ ነገር አጥብቄ ልንገራችሁ" አለ ሐኪሙ። "ብዙዎቹ ሴሎች ወዲያው አይሞቱም፤ ያድጋሉ። ያ ሁሉ ሴል ባንዴ ሲያድግ ደግሞ ሳንባዋ ላይ ሊወርድ ይችላል። ትኩሳት፣ ሳል፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የፊትና የእግር እብጠት ካያችሁ በዚያው ሰዓት አምጧት። 'እስቲ እንየው' አትበሉ። ማረጋጊያ መድኃኒት አለው፤ የሚሠራው ግን ቶሎ ከተሰጠ ነው። እኔ ባልኖር፣ ለተረኛው ይህን ኪኒን እንደምትወስድ ንገሩት። አዲስ ስለሆነ ሁሉም አያውቀውም።"

እናትየዋ ቃል በቃል ያዘችው። ድማሚት ግን በሐሳቡ መዶሻውን አንሥቶ ወጥቷል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ኪኒኑን የሚሰጣት እሱ ሆነ። ጠዋት ጠዋት ከሥራው በፊት ውሃ በብርጭቆ ይዞ አልጋዋ አጠገብ ይቆማል፤ ኪኒኑን መዳፉ ላይ አስቀምጦ አፈጥጦበት "ሂድ! አንገቱን ቀንጥሰው!" ይለዋል። ሚጣ ትስቃለች። ስትስቅ ቀኑን ሙሉ በደስታ መዶሻውን ያሽከረክራል።

"ዛሬስ? ሲወድቅ ይሰማሻል?" አላት አንድ ቀን።

"አባዬ" አለችው ውሃውን እየጠጣች፣ "ቤቱ እኮ እኔ ነኝ።"

ሳቀ። እሷም ሳቀች። እናትየዋ አልሳቀችም፤ የስፌት መኪናዋን አቁማ ሁለቱንም አየቻቸው።

በሁለተኛው ሳምንት ለምርመራ ሲሄዱ ነጭ የደም ሴሏ በእጥፍ ጨምሮ ተገኘ። ድማሚት ዓይኑ ደም ለበሰ፤ ሐኪሙ ግን ቀድሞ እጁን አንሥቶ አረጋጋው። "የጨመረው እያደጉ ስለሆነ ነው ጋሼ፤ ኪኒኑ እየሠራ ነው። ግን አሁን ነው ዓይናችሁን ከእሷ የማትነቅሉት።" ድማሚት የሰማው "እየሠራ ነው" የሚለውን ብቻ ነው። በመንገድ ላይ ለሚያውቀውም ለማያውቀውም "እየወደቀ ነው! መሠረቱ ተናግቷል!" ሲል ዋለ።

ቅዳሜ ጠዋት ሚጣ በሳል ተነሣች። ግንባሯ ይፋጃል። ፊቷ አብጦ ዓይኗ ጠቧል፤ እግሯ ጫማዋ ውስጥ አልገባ አለ። እናትየዋ ባየችው ቅጽበት ነጠላ ጫማዋን አጥልቃ "ተነሥ፣ እንሂድ!" አለች።

ድማሚት ተነሣ። የተነሣው ግን በሩን ሊቆልፍ ነው። ቁልፉን አዙሮ ኪሱ ከተተ።

"ምን ማድረግህ ነው?"

"ሲፈርስ አይገባም።"

ይህች ቃል የሥራው ሕግ ናት። ከየት እንዳመጣት የቡድኑ ሰዎች ሁሉ ያውቃሉ። ታናሽ ወንድሙ አብሮት ይሠራ ነበር፤ ጣሪያው ወርዶ አቧራው ሳይሰክን፣ "አለቀ" ብሎ መሣሪያ ለማንሣት ሮጦ ገባ። የቀረችው ሶሌታ ወገቡ ላይ አረፈች። ድማሚት በዲጂኖ ፈልፍሎ ያወጣው ወንድሙን ሳይሆን የወንድሙን ቁርጥራጭ ነው። ከዚያ ወዲህ የሚፈርስ ነገር ካለ ማንንም አያስጠጋም፤ ሊጠጋ የሞከረውን በጥፊ ይመልሰዋል። በዚህ ሕግ የብዙ ሰው ነፍስ ተርፏል። ለዚህም ነው ያን ቀን እንደ ድንጋይ የጸናው፤ ሰው በማያውቀው ነገር ሳይሆን ባወቀበት ነገር ነው ክፉኛ የሚሳሳተው።

"ገብቶሃል የምትለው?" አለች ሚስቱ። "ሐኪሙ ትኩሳት ስታዩ አምጧት ብሏል። እብጠት ስታዩ ብሏል። ሳል ብሏል። ሁሉም ይኸው!"

"ምን እንደሚያደርጉ አሳምሬ አውቃለሁ! ስትታመም ሲያዩ ይደነግጡና ኪኒኑን ያቆሙታል። ያ የውሻ ልጅ በሽታ መልሶ ይቆማል። ግማሽ የፈረሰ ቤት ከቆመው ይብሳል! ይውደቅ፣ ይጨርስ። አቧራው ሲሰክን ራሴ ተሸክሜ እወስዳታለሁ።"

"ልጄ እኮ መተንፈስ አቃታት!"

"ቻይ" አለ፣ ለሚስቱ ሳይሆን ለልጁ። "ቻይ ሚጣዬ። እየወደቀ ነው።"

እናትየዋ ወንድሟን በስልክ ጠራችው። ታክሲ ነጂ ነው፤ ጎማ ሲጮህ ከውጭ ተሰማ። በሩን ሲያንኳኳ፣ ሲደበድብ፣ በመጨረሻም በትከሻው ሲመታው መቀርቀሪያው ተላቀቀ። ግንባሩን አስቀድሞ ገባ። ድማሚት ያቺን ግንባር ነው የጠበቃት። የራሱን ግንባር የነጂው አፍንጫ ላይ ሲያሳርፍበት አጥንቱ ሲሰበር ቤቱ ውስጥ ተሰማ፤ ደሙ በልብስ ስፌት መኪናዋ ላይ ባለው ነጭ ጨርቅ ላይ ተረጨ። ነጂው ግን እንዲህ በቀላሉ የሚወድቅ አይደለም። የድማሚትን ወገብ አቅፎ ያዘው፤ ሁለቱ ተያይዘው ጠረጴዛውን ሰባበሩት፣ ብርጭቆው ተከሰከሰ። ነጂው የእህቱን የስፌት መቀስ አግኝቶ የድማሚት ክንድ ላይ ሰካበት። ድማሚት መቀሱን ነቅሎ ወዲያ ወረወረና አማቹን በእግሩ ደረቱን እየረገጠ ወደ ውጭ አንከባለለው። ከዚያ ትልቁን ሣጥን ጎትቶ በሩን ዘጋበት።

"ጋሼ! ልጅቱን ልትገድላት ነው!" ይላል ነጂው ከውጭ፣ ደሙን እየተፋ። "ጋሼ በእናትህ!" ጎረቤት ተሰበሰበ፤ ድማሚትን የሚያውቅ ሁሉ ግን ራቅ ብሎ ነው የሚማልደው።

እናትየዋ ሣጥኑ ላይ ተወረወረች። በጥፍሯ፣ በጥርሷ ታገለች። የእጁን ሥጋ ነክሳ ስትይዝ ገፈተራት፤ መምታቱ አልነበረም፣ መግፋቱ ነው፣ ግን የሱ መግፋት የሌላው መምታት ነው። ትከሻዋ የስፌት መኪናውን ብረት አግኝቶ ከቦታው ወለቀ። ወለሉ ላይ ተቀምጣ የተንጠለጠለ እጇን ይዛ ጮኸች። በሃያ ዓመት ትዳራቸው እጁ አርፎባት አያውቅም ነበር።

ሚጣ በክርኗ ተደግፋ ይህን ሁሉ አየች። "አባዬ" አለች። በቃሉ መሐል ሦስቴ አየር ሳበች። "ክፈትላቸው።"

ሰምቷታል። ያልሰማ መስሎ ግንባሯን በእርጥብ ፎጣ ጠረገ። ፈርቶ ነበር፤ በሕይወቱ እንደዚያ ቀን ፈርቶ አያውቅም። ግን ፍርሃትን በሌላ ስም ሳይጠራው ወደ ልቡ አስገብቶት አያውቅምና "ጽናት" አለው።

እንዲህ ሆኖ መሸ፣ ነጋ። ነጂው የጠራቸው ፖሊሶች "የቤተሰብ ጉዳይ ነው፣ ተስማሙ" ብለው ከደጅ ተመለሱ። እሑድ ቀትር ላይ ሳሏ ቆመ። ድማሚት "ይኸው፣ ሰከነ" ብሎ ፈገግ ሊል ጎንበስ ሲል ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኗል። ደረቷ ብድግ ዝቅ ይላል እንጂ አየር አይገባም፤ በእያንዳንዱ ትንፋሽ ውስጥ ውሃ የሚንተከተክ ይመስላል። ያኔ ሣጥኑን በአንድ እጁ አንሥቶ ወረወረው፤ ልጁን ታቅፎ ባዶ እግሩን ወጣ። ነጂው፣ ያ አፍንጫው ያበጠ፣ ታክሲው ውስጥ ሲጠብቅ ነበር ያደረው። ሞተሩን አስነሣ። እናትየዋም የወለቀ ትከሻዋን ይዛ ገባች።

ተረኛዋ ሐኪም የሳንባ ምች ነው ብላ መድኃኒት ልታዝ ስትል እናትየዋ የኪኒኑን ነገር ነገረቻት። ወዲያው ለመነጽራሙ ሐኪም ተደወለ፤ ከቤቱ በሩጫ መጣ። የሚጣን ደረት አዳመጠ፤ ራጁን ወደ መብራቱ አንሥቶ አየው። ሳንባዋ ከላይ እስከታች ነጭ ሆኗል።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ከትናንት ጠዋት" አለች እናትየዋ።

ሐኪሙ ወደ ድማሚት ዞረ። አልጮኸም። ድምፁ ውስጥ የነበረው ሐዘን እንጂ ቁጣ አልነበረም። "ጋሼ፣ ነግሬዎት ነበር እኮ። ትናንት ቢያመጧት..."

አልጨረሰውም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል ይህ ነው። ድማሚት የመታው በሙሉ ጉልበቱ ነው። መነጽሩ ተሰባብሮ ከቅንድቡ ሥር ገባ፤ የታችኛው ከንፈሩ ለሁለት ተሰነጠቀ። ሲወድቅ የኦክስጅኑን ሲሊንደር አስከትሎ ወደቀ፤ ሲሊንደሩ ወለሉ ላይ እየተንደረደረ የአልጋውን እግር መታው። የሚጣ ጭምብል ከፊቷ ተነቀለ። ነርሷ ጮኻ ጭምብሉን ለመመለስ ስትጣደፍ ድማሚት የወደቀውን ሰው ለመድገም እግሩን አነሣ።

"ሲስተር!" አለ ሐኪሙ ከወለሉ ላይ። አንድ ዓይኑን ደም ዘግቶታል፤ የሚናገረው ጥርሱን እየተፋ ነው። "ማረጋጊያውን፣ ዴክሳሜታዞን! በደም ሥር! አሁኑኑ! እኔን ተዪኝ!"

ድማሚት እግሩን እንዳነሣ ቀረ። ቀና ሲል የሚጣን ዓይን አገኘው። ነቅታለች፤ ሁሉንም አይታለች። ያየችው በጥላቻ አልነበረም። ጥላቻ ቢሆን ይሻለው ነበር፤ የማያውቁት ሰው ቤት ሲገባ የሚታይበት አስተያየት ነበር።

ከዚያ ጥበቃዎቹ ደረሱ። ዱላቸው በጀርባው፣ በክርኑ፣ በጉልበቱ ላይ ወረደ። ጣት አላነሣም። ኮሪደሩን ሙሉ እየጎተቱ ሲደበድቡት፣ መሬት ለመሬት ሲሄድ፣ ሰዎቹ ከደከሙ በኋላ እንኳን "ምቱኝ" እያለ ይለምናቸው ነበር። በቀረበው መውጫ አስወጥተው ለፖሊስ አስረከቡት።

በጣቢያው ክፍል ውስጥ አንድ ኪስ አውላቂና አንድ ሰካራም አብረውት ታስረው ነበር። ኪስ አውላቂው ቦታ ለቀቅ እንዲያደርግ በእግሩ ነካ ሲያደርገው ሌላ ጊዜ ቢሆን አንገቱን ይሰብረው ነበር፤ አሁን ግን ተነሥቶ ጥግ ሄደ። ግድግዳውን በመዳፉ ዳሰሰው። ጠንካራ ነው። በቡጢ መታው፤ ደግሞ መታው። የጣቶቹ አንጓ እስኪከፈት፣ ግድግዳው በደም እስኪሣል መታው። ግድግዳው ከቁብም አልቆጠረው። ሰካራሙ "ተው ወንድም፣ ምን አደረገህ?" አለው።

ማንም ሊጠይቀው አልመጣም። በሩ በተንኳኳ ቁጥር ይነሣል፤ ለሌላ ሰው ነው። ልቡ ውስጥ ስለት ተሳለ፣ ተማጸነ፣ እጄን ቁረጡትና እሷን አትርፏት ሲል ከማን ጋር እንደሚደራደር ሳያውቅ ተደራደረ። ሰው የሚወደውን ነገር በገዛ እጁ አንቆ ሲይዝ የሚሰማውን የሚያውቅ ይፍረደው፤ እኔ አዝኜለታለሁ፣ ተናድጄበታለሁም።

ረቡዕ ጠዋት ፖሊሱ ስሙን ጠራና ወደ ፊተኛው ክፍል አወጣው። ሚስቱ ቆማለች። ክንዷ በጨርቅ ከአንገቷ ጋር ተንጠልጥሏል። ወንድሟ ከኋላዋ ነው፤ አፍንጫው በፕላስተር ተለጥፏል። ሁለቱም ጥቁር ለብሰዋል። ድማሚት ጥቁሩን አየና ወለሉ ላይ ቁጭ አለ።

"መቼ?" አለ።

"ትናንት። መድኃኒቱን ሰጧት፤ ትንሽ ተንፍሳ ነበር። ማውራት ችላ ነበር። ከዚያ ሳንባዋ እንቢ አለ። ዘግይቷል አሉ።"

"በሽታው ነው? አልወደቀም ማለት ነው?"

ሚስቱ ጥርሷን ነከሰች። "በሽታውማ አልቆ ነበር። ሐኪሙ መቅኒዋን አስመርምሮት፣ ከንፈሩን አሰፍቶ መጥቶ ነገረኝ። ያ የታመመው ሴል ተፈልጎ ጠፋ። ሁሉም ወይ ሞቷል፣ ወይ አድጓል። ኪኒኑ የተባለውን ሁሉ አድርጓል። ትድን ነበር።"

ድማሚት መዳፉን ወለሉ ላይ ዘረጋ።

"ሚጣ ሐኪሙን ይቅርታ ጠየቀችው" አለች ሚስቱ። "በአንተ ፈንታ። 'አባቴ የሚማታው ሲፈራ ነው' አለችው። ከዚያ በኋላ ብዙም አልተናገረችም።"

ፖሊሱ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ድማሚት በተከፈቱ አንጓዎቹ ወለሉን እየቧጠጠ ወደ ሚስቱ እግር ተጠጋ። እንባው አቧራና የደረቀ ደም እያጠበ ይወርዳል። "እኔ እኮ" አለ፣ "እኔ እኮ እሞትላት ነበር። ታውቂያለሽ። ለሷ እሞትላት ነበር።"

ሚስቱ እግሯን ከእጁ አወጣች።

"ሙትላት ያለህ ማን ነበር?" አለችው። "በሩን ክፈት ነው ያልንህ።"